የተቀቀለው ድንጋይ

ሁለቱን እህትማማቾች ጎን ለጎን ያየ ሰው ከአንድ ማኅፀን መውጣታቸውን ለማመን ይቸገር ነበር። ታላቂቱ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ተቀቅለው ከጀርም የሚጸዱበት ክፍል ኃላፊ ናት፤ በሥራ ዘመኗ አንድ መቀስ እንኳ ሳይጸዳ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ቤቷም ከዚያ ክፍል እምብዛም አይለይም። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ፎጣዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ይታጠፋሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት የጫማው ነገር ይነሣል። ታናሺቱ ደግሞ ለቴአትር ቤት የመድረክ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ቤት ለመቀመጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከወንበሩ ላይ የንጉሥ ካባ ማንሣት፣ ቀጥሎም ወንበሩን ለመርፌ መዳሰስ አለበት። ከትናንት በስቲያ ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ዛሬ ብትፈልገው ምናልባት ከአንድ የወታደር ቆብ ውስጥ ታገኘው ይሆናል። ታናሿ ታላቋን «በረኪና» ትላታለች፤ ታላቋ ታናሿን «ግርግር»። ስሞቹ ከልጅነት የተረፉ ናቸው፤ ሁለቱም ሲጠሩባቸው ሳይቆጡ አቤት ይላሉ።

ስለዚህ አባታቸው ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ግልጽ በሆነ ጊዜ፣ ማን ይውሰዳቸው ተብሎ የተመከረ ምክር አልነበረም። የዓይናቸው ብርሃን ጥላን ከብርሃን ለመለየት ያህል ብቻ የቀረ ሰው በመርፌና በክር መሀል ምን ይሠራል? ታላቂቱ አንድ ክፍል አጸዳች፣ የአልጋውን ማዕዘኖች በስፖንጅ ጠቀለለች፣ አባቷን አመጣች።

አባትየው ብቻቸውን አልመጡም። ዕድሜያቸውን በጭነት መርከቦች ሞተር ክፍል ያሳለፉ መካኒክ ሲሆኑ፣ ጡረታ ሲወጡ ከባሕሩ ጨርሶ መለያየት ስላልሆነላቸው ጥቂቱን በመስታወት ሣጥን አድርገው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። በዚያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሦስት ዓሣዎች ይኖራሉ። ሁለቱ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ቀለበት የዞረባቸው ናቸው፤ ትልቋን «እመቤቲቱ»፣ ትንሹን «ባልየው» ብለዋቸዋል። ሦስተኛዋ ሰማያዊ ናት፤ ከድንጋይ ሥር ብቻዋን ስለምትውልና ብቅ የምትለው ምግብ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ «ጎረቤት» ተብላለች።

«እዚህም ትልቋ ሴቷ ናት?» አለ የታላቂቱ ባል፣ ዓሣዎቹን መጀመሪያ ያየ ዕለት። «እንግዲያው ቤቱን አልሳቱም።»

ባልየው፣ ማለትም የዓሣው ሳይሆን የታላቂቱ ባል፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የመስታወቱን ሣጥን ከጎረምሶች ጋር ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ኩርባው ላይ ከግድግዳ ጋር አላተመውና ሣጥኑ ከማዕዘኑ ተሰነጠቀ። «ቀኑን ሙሉ ኩርባ ላይ ቀስ በሉ እያልኩ የምጮኸው እኔ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ዓሣዎቹ አየር በምትነፋ ትንሽ ፓምፕ ታግዘው በአንድ የፕላስቲክ ገንዳ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰፈሩ፤ ድንጋዮቻቸውና የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ በሌላ ባልዲ ተቀመጡ፤ አዲስ ሣጥንም ተገዛ።

አዲሱን ውሃ ማዘጋጀት ለታላቂቱ እንደ ተፈጥሮዋ ነበር። ውሃውን አጣራች፣ ጨውን መዘነች፣ በጥብጣ በመለኪያው አየች፣ ጥቂት ጨምራ እንደገና አየች፣ ማሞቂያውን አስተካከለች። አባትየው አጠገቧ ወንበር ይዘው አንዳንዴ ጣታቸውን ነክረው ይልሳሉ።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጅሽ የመካኒክ እጅ ነው። እህትሽ ብትሆን ኖሮ ስኳር ትጨምርልኝ ነበር።»

ሳቁ። ከዚያም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ዋናውን ነገር አስረዷት። ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይሸናል፤ ሽንቱና የምግቡ ትራፊ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መተንፈሻውን የሚያቃጥል መርዝ ነው። በድንጋዮቹና በስፖንጁ ላይ ግን ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት አሉ። እነሱ አሞኒያውን በልተው ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል፤ ያንን ደግሞ ሌሎች ተቀብለው ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ያደርሱታል። አዲስ ውሃ እነዚህ የሉትም፤ ቤት አድርገውት እስኪበዙ ብዙ ሳምንታት ይወስዳል።

«እኛ ግን አንጠብቅም» አሉ። «የእኔዎቹ እዚያ ባልዲ ውስጥ አሉ። ድንጋዩም ስፖንጁም እንዳሉ፣ እንደረጠቡ፣ ሳይታጠቡ ይግቡልኝ።»

«ባክቴሪያ ነው የምትለኝ፣ አባዬ?»

«ባክቴሪያ።»

«እኔ እንጀራዬን የምበላው እኮ እነሱን እየገደልኩ ነው።»

«እነዚህን እንኳ ማሪልኝ» አሉ አባትየው፣ እየሳቁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባትየው ጋደም ባሉበት ታላቂቱ የባልዲውን ክዳን ከፈተች። የመታት ሽታ ወደኋላ መለሳት። ድንጋዮቹ ቡናማ ልጋግ ለብሰዋል፤ ከአንዱ ቀዳዳ ብዙ እግር ያለው ነገር ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። ስፖንጁን ስትጨምቀው የወጣውን ጭቃ አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ሳሎኗ ውስጥ ሊገባ ነው። የአባቷን ቃል አልረሳችም፤ ደግሞም እምቢ ማለቷ አልመሰላትም። በሥራዋ የምታውቀው ባክቴሪያ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲያባርሩት በመስኮት የሚመለስ፣ ለአንዲት ደቂቃ ዓይን ቢነሡት ጠረጴዛውን የሚወርስ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አንድ ጊዜ ቢታጠብ ምን ይሆናል? እስከ ማታ ሞልቶ ይገኛል። እናም ትልቁን ድስት ጣደች። ድንጋዮቹን ቀቀለች፣ ስፖንጁን በበረኪና ዘፈዘፈች፣ ሽታ እስኪጠፋ ደጋግማ አለቀለቀች፣ በፎጣ ላይ አሰልፋ አደረቀች። ቤቱን የሞላውን የባሕር ሾርባ ጠረን በመስኮት አስወጣች። አባትየው ሲነሡ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር፤ ውሃውም እንደ መስታወቱ ጠርቶ አንዱ ከሌላው አይለይም።

ውሃው የሚመረመረው በትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው። ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠብታዎች ይጨመሩበታል፣ ይናጣል፣ ጥቂት ይጠበቃል። ቢጫ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ፤ አረንጓዴው በጠቆረ ቁጥር መርዙ ይከፋል። አባትየው ጠብታውን በጣታቸው ጫፍ እየመጠኑ ራሳቸው ያንጠባጥባሉ፣ ራሳቸው ይንጣሉ። ያልቻሉት ቀለሙን ማየት ብቻ ነው።

«እህስ?» አሉ ቱቦውን ወደ እሷ ዘርግተው። «ምን ይላል?»

አረንጓዴ ነበር። ያውም የሚያጠራጥር አረንጓዴ አይደለም፤ እንደ ለምለም ቅጠል የሚያበራ። ታላቂቱ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ አገላበጠችው፣ ከቀለም ማነጻጸሪያው ካርድ ጋር አስተያየችው። የሆነው ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። የቀቀለቻቸው ፍጥረታት በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየበሰበሱ መርዝ ይለቃሉ፤ መርዙን የሚበላው ሁሉ ደግሞ በድስቷ ውስጥ አልቋል። «አረንጓዴ ነው» ብትል ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን?» ነው።

«ቢጫ ነው» አለች።

ቃሉ ያለ ችግር ወጣላት፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንዲሁ ያለ ችግር ወጥቶላት ያውቃል። ከጥቂት ወራት በፊት የዓይን ሐኪሙ አባቷን ውጪ አስቀምጦ ለእሷ ብቻ፣ በሙያ ባልደረባነት፣ በዓይናቸው ውስጥ የበረታው ግፊት የገደለው ነርቭ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሯት ነበር። ወደ መተላለፊያው ስትወጣ አባቷ ፊታቸውን ወደ እርምጃዋ ድምፅ አቅንተው «ምን አለ?» አሏት። «የዓይን ጠብታውን ሳታቋርጥ ከተጠቀምክ ቀስ በቀስ ይመለሳል አለ» አለቻቸው። ያን ዕለት ያስዋሻት ለእሳቸው ማዘኗ ነው። ከዚያ ወዲህ አባትየው ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ትይዩ ተቀምጠው እጃቸውን ከፊታቸው ያወዛውዛሉ፤ «ዛሬ ጣቴን ያየሁ መሰለኝ» ይላሉ። ታላቂቱ «ጥሩ ምልክት ነው» እያለች ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አሁን ትንሹ ውሸት ከትልቁ ጋር ተቋጥሯል። አንዱ ከተፈታ ሌላው እንደሚከተል ታውቃለች፤ አባቷ በዓለም ላይ የቀራቸው ዓይን እሷ ናት፣ ያ ዓይን የሚዋሽ መሆኑን ካወቁ ምን ይይዛሉ?

ከሥራ ወጥታ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። «አንዲት ጓደኛዬ» አለችው ሻጩን፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ድንጋዮቿን ቀቅላቸው ነበርና...»

«ቀቀለቻቸው?» አለ ሻጩ። «ጨው አደረገችበት?»

«ሳቁን ተወውና መፍትሔውን ንገረኝ።»

ሻጩ ባክቴሪያ ያለበት ጠርሙስ ሰጣት። ይህም ቢሆን ተአምር እንደማይሠራ፣ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ እስከዚያ ዓሣ የሚባል እንዳይገባ ለጓደኛዋ እንድትነግርለት አደራ አላት። ታላቂቱ ጠርሙሱን በቦርሳዋ ደብቃ አስገባች። አባቷ ሬዲዮ ሲሰሙ ትጨምራለች፤ ባሏን ገበያ ልካ ውሃ ትቀይራለች። ድንጋዮቹ ግን እንደገና ይለቃሉ፤ ቱቦው በየቀኑ አረንጓዴ ነው፣ እሷም በየቀኑ «ቢጫ» ትላለች። በሆስፒታሉ ባልደረቦቿ ምን ሆነሻል ይሏት ጀመር፤ ለካ አንዱን መሣሪያ ሁለት ጊዜ አስቀቅላ ኖሯል።

«እሑድ እናስገባቸዋለን» አሉ አባትየው አንድ ቀን እራት ላይ። «ግርግርንም ጥሪያት፤ ምሳ ትብላና ትይ።»

«አንድ ሁለት ሳምንት ብንታገሥስ፣ አባዬ?»

«ለምን?»

«እንዲያው... እንዲረጋጋ።»

«ገንዳው ጠቧቸዋል፤ ባልየው መብላት ትቷል። ውሃውን ደግሞ አንቺው በየቀኑ ቢጫ ነው ትይኛለሽ። ቢጫ ከሆነ ምን ያስጠብቀናል?»

ባሏ ከሳህኑ ቀና ብሎ አያት። ታላቂቱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ አስተካከለች። «እሺ» አለች።

እሑድ ታናሺቱ ፀጉሯ ላይ የወርቅ ክር ተጣብቆባት መጣች። «ጫማዬን አውልቄያለሁ፣ በረኪና፣ እንዳትጮኺብኝ» አለች ከበሩ። ዓሣዎቹ በመረብ ተቀድተው ገቡ። እመቤቲቱ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር ጎበኘች፣ ባልየው ተከተላት፣ ጎረቤት ቀጥታ ከድንጋይ ሥር ገባች። አባትየው እጆቻቸውን በመስታወቱ ላይ ዘርግተው «እየዞሩ ነው? እየዞሩ ነው?» ይላሉ፤ ታናሺቱ የሆነውን ሁሉ እንደ ቴአትር ታወራላቸዋለች። ታላቂቱ ምሳ ለማቅረብ ወጣች። ሹካዎቹን ደረደረች፣ አነሣች፣ እንደገና ደረደረች።

ምሳው ተበልቶ ሳያልቅ አባትየው እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ እስቲ።»

የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

«አትሰሙም? ጭፕ፣ ጭፕ የሚል? አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ነው። አየር እየለመኑ ነው።» ተነሡ፤ ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ሣጥኑ ሄዱ። «ቱቦውን ስጡኝ!»

ውሃ ቀዱ፤ ጠብታውን አንጠባጠቡ፤ ናጡት። ታላቂቱ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። አባትየው ግን ቱቦውን ይዘው ቆዩና ፊታቸውን ወደ ሌላኛው ወገን አዞሩ።

«ግርግር፣ አንቺ እዪልኝ።»

ታናሺቱ ቱቦውን ተቀበለች። «አረንጓዴ» አለች። ካርዱን አየች። «አባዬ፣ በጣም አረንጓዴ ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ።»

አባትየው እጅጌያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ክንዳቸውን ወደ ውሃው ከተቱ። ጣቶቻቸው ድንጋዩን አገኙ፣ ዳሰሱት፣ ወደ ቀዳዳዎቹ ገቡ፣ ወጡ። ልጋግ የለውም። ለስላሳ ነገር የለውም። እንደ አጥንት የተፋቀ ባዶ ድንጋይ ነው።

«ቀቀልሽው» አሉ።

ታላቂቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። «ሸተተኝ፣ አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ዓሣዎቹ ወደ ገንዳው ተመለሱ፤ ባልና ሚስቱ ተረፉ። ታናሺቱ በባዶ እግሯ ወጥታ ከዓሣ ሱቁ፣ ባክቴሪያ በያዘ ሣጥን ውስጥ የቆየ የቆሸሸ ስፖንጅ በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች። ድንጋዩን ሲያነሡት ጎረቤት በጎኗ ተኝታ ተገኘች። ያ ሰማያዊ ቀለሟ ከወዲሁ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር። የመኪና መንዳት አስተማሪው በመሐረቡ ጠቅልሎ ያዛት፤ አንድ ነገር ሊቀልድ አሰበና ተወው።

አባትየው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእጅጌያቸው የጨው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ታላቂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉን አላየችውም።

«በየቀኑ ነበር አረንጓዴ?» አሏት።

«በየቀኑ።»

«እሺ።» ከዚያም ያ የፈራችው ጥያቄ መጣ፤ ድምፃቸው ከፍ ሳይል፣ እንዲያውም ለስለስ ብሎ። «ሌላስ ምን ቢጫ ነው ብለሽኛል?»

ታናሺቱ አፏን በእጇ ያዘች። ምንም አታውቅም፤ ግን የእህቷን ፊት አየች። ታላቂቱ ከአባቷ ወንበር ሥር፣ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

«ዓይንህ አይመለስም፣ አባዬ» አለች። «ሐኪሙ ያን ቀን ነው የነገረኝ። የሞተው አይመለስም። እኔ ነኝ ይመለሳል ያልኩህ።»

ቢጮኹባት በመረጠች ነበር። አባትየው ግን እጃቸውን ከፊታቸው አድርገው እንደ ጠዋት ልማዳቸው ጣቶቻቸውን አወዛወዙ፤ አወዛወዙና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስንት ጊዜዬን ዓይኔን ስጠብቅ ጨረስኩት» አሉ። «እዚያ መስኮት ላይ። መንገድ ላይ መሄድ አልለመድኩ፣ በጣት ማንበብ አልተማርኩ። ነገ አያለሁ እያልኩ ለምን እማራለሁ? ሞተር ሲቆም ቆሟል ይባላል፣ ልጄ። እዚያ ታች አብረን የሠራን ሰዎች እርስ በርስ ተሰዳድበናል፣ ተጣልተናል፤ መለኪያው ያላለውን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም።»

«ማዘኗ ነው፣ አባባ» አለ ባሏ። «ለእርስዎ ብላ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልተቆጣሁት። ግን የእኔን ሐዘን እሷ ልታዝንልኝ አይገባም ነበር።»

ቀጥሎ የመጡት ቀናት ከባድ ነበሩ። አባትየው ይበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። በመስኮቱ ትይዩ መቀመጥ ትተዋል። ታላቂቱ ወንበሩን ማንሣትም መተውም ፈራች። በሥራ ቦታዋ የመቀቀያው ማሽን ክዳን ሲዘጋ የሚሰማው ፉጨት ያስበረግጋት ጀመር። ከእህቷ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ቀልድ የለም፤ ታናሺቱ «እንዴት ነው?» ትላለች፣ እሷ «ደህና ነው» ልትል ትጀምርና «አላውቅም» ትላለች። የቆሸሸው ስፖንጅ በጠራው ሣጥን ውስጥ አንድ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ማለፍ ባለባት ቁጥር አንሥታ እንዳታጥበው እጇን ወደ ኪሷ ትከታለች።

ከዚያ አንድ ቀን አባትየው ሁሉም ምሳ ላይ እንዲገኙ አስጠሩ። ታናሺቱ መጣች፤ የታላቂቱ ባል ከተማሪ ፈተና አምልጦ መጣ። አባትየው በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጨርቁ ላይ ዘረጉ።

«ግርግር ቤት አጠገብ ማየት የተሳነው ሰው የሚማርበት ቤት አለ» አሉ። «ትናንት ደውዬ አነጋገርኳቸው። ሽማግሌም ይቀበላሉ። በበትር መሄድ፣ በጣት ማንበብ፣ ምግብ ማብሰል ያስተምራሉ። ሰኞ እጀምራለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እገባለሁ።»

«መርፌዎቹን እለቅማለሁ፣ አባዬ» አለች ታናሺቱ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«አትልቀሚ። መርፌ ከወጋኝ መርፌ መሆኑን አውቄ እነቅለዋለሁ።»

ታላቂቱ ሳህኗን አየች። ይህን ጠብቃው ነበር፤ መጠበቋ ግን ምንም አላቀለለላትም። «ሣጥኑን ማን ያጓጉዘው?» አለች ቀስ ብላ። «ዓሣዎቹንስ?»

«ዓሣዎቹ አይሄዱም።» አባትየው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። «እዚህ አንቺ ዘንድ ይቀራሉ። ውሃው ገና ነው፤ ሕይወት እስኪይዝ ሳምንታት አሉት፤ እስከዚያ የገንዳቸውን ውሃ እየቀየርሽ ታቆዪያቸዋለሽ። በየቀኑ ትለኪያለሽ፣ ማታ ማታ ትደውይልኛለሽ፣ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ዓሣ ከሞተ ሞተ ነው።»

«እኔን ታምነኛለህ?»

«ግርግር መጥታ አታጣራም። ባልሽንም ተደብቄ አልጠይቅም። ያልሽኝን እይዛለሁ፤ የወሰንኩት ይህንን ነው» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ማንኪያቸውን ፈለጉ። «በሉ አሁን ብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»